ጸበል ውስጥ የገባው መንጠቆ

ይህ ነገር የገጠመኝ የዛሬ ስድስት ዓመት ገደማ፣ በገብስ አጨዳ ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ መንገድ ነድቻለሁ፤ ብዙ ነገርም ረስቻለሁ። ያቺን ጠዋት ግን መርሳት አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ የኖረበት ዕቃዬ ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሾፌር ነኝ። ባረጀች ፒክ አፕ ከጋሸና ላሊበላ፣ ከላሊበላ ብልባላ ዕቃ አመላልሳለሁ። ጨው፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ፣ አንዳንዴም በግ እጭናለሁ። ከመቀመጫዬ ኋላ ግን አንዲት ዘንግና አንዲት የብስኩት ጣሳ አይለዩኝም። ጣሳዋ ውስጥ መንጠቆዎቼ፣ ክሮቼና የእርሳስ ክብደቶቼ አሉ። ዓሣ ማጥመድ የለመድኩት በወጣትነቴ ሐይቅ ከተማ ስሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልተወኝም፣ እኔም አልተውኩትም።

ላስታ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ መሆን ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቁኝ። እሑድ ከሰዓት ተከዜ ድልድይ ሥር ዘንጌን ይዤ ቁጭ ስል ያለፈ ያገደመ ሁሉ "ምን ጠፍቶብህ ነው?" ይለኛል። ጋሸና ምግብ ቤት ስገባ ሾፌሮቹ "ዓሣው መጣ! ውኃ አቅርቡለት!" እያሉ ይንጫጫሉ። እኔ ደግሞ ሲያላግጡብኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ቁጡ ነኝ። ቁጭ አድርጌ ማስተማር እጀምራለሁ።

መንጠቆ ሁሉ አንድ አይደለም እላቸዋለሁ። አምባዛ ጭቃ ውስጥ የሚተኛ፣ አፉ የሰፋ ነው፤ ትልቅ መንጠቆና ወፍራም ክር ይፈልጋል። ውኃው ቢደፈርስም ግድ የለውም፣ በጢሙ ዳብሶ ያገኘዋል። ነጭ ዓሣ ግን ተጠራጣሪ ነው። ወፍራም ክር ካየ አይጠጋም። ጥላህ ውኃው ላይ ካረፈ ሄደ በቃ! ለእሱ ጫፏ እንደ መርፌ የሾለ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ነው የሚያስፈልገው። ሲይዝም እንደ በግ አትጎትተውም። ሲሄድ ትለቅለታለህ፣ ሲደክም ትቀበለዋለህ።

"አቦ ተወን፣ ጥብሳችንን እንብላበት!" ይሉኛል። ተምረው አያውቁም።

ያን ዕለት ጠዋት ብልባላ ዕቃ አራግፌ ባዶዬን እየተመለስኩ ነበር። ፀሐይ ገና መውጣቷ ነው። አንድ ጎልማሳ መንገዱ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ አስቆመኝ። ልገጨው ምንም አልቀረኝም፤ ልሰድበው መስኮቱን ሳወርድ ፊቱን አየሁትና ስድቡ አፌ ላይ ቀረ።

"ወንድም ዓለም፣ በፈጠረህ! ልጄ ታማብኛለች። ላሊበላ ሆስፒታል አድርሰን" አለኝ።

"የታለች ልጅቱ?"

"እላይ ናት፣ ቤተ ክርስቲያን።"

"ታዲያ አምጣት እንጂ! እኔን ምን ታቆመኛለህ?"

"እናቷ አልወርድም አለች። እኔንማ አልሰማ ብላለች፤ አንተ ሾፌሩ ብትነግራት ትሰማህ ይሆናል።"

ስሙ ደሳለ ይባላል። እያጉረመረምኩ ተከትዬው ዳገቱን ጀመርኩ። እየወጣን ነገሩን ሁሉ ነገረኝ። ልጅቷ ያን ዕለት ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና የምትነሳበት ቀን። ሌሊቱን ስታስል አድራ ትንፋሿ ተለውጧል። ሚስቱ ትርንጎ ግን ልጄ ሳትጠመቅ መኪና አላሳፍራትም ብላለች።

"ምን ዓይነት ግትር ናት?" አልኩት፤ አላስችል አለኝ።

ደሳለ ቆም አለ። "የመጀመሪያው ልጃችን ወደ ሐኪም ቤት ስንወስደው መንገድ ላይ ነው የሞተው። አልተጠመቀም ነበር። ፍትሐት የለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውጪ ቀበርነው። በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ታለቅሳለች" አለኝ።

 ዳገቱን ፈጥኜ ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያኗ ከዓለት የተፈለፈለች ትንሽ ደብር ናት። ስሟን አልጠራም፤ የሆነው ነገር እንዳይወራባቸው የደብሩ ሰዎች አደራ ብለውኛል። ግቢው ውስጥ ካህናቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አንድ ጉድጓድ ከብበው ቆመዋል። ትርንጎ ፈንጠር ብላ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ልጅቷን ጠጋ ብዬ አየኋት። አታለቅስም። ቁና ቁና ትተነፍሳለች፣ በያንዳንዱ ትንፋሽ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይከፈታል። እኔም የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ይህን አተነፋፈስ አውቀዋለሁ፣ ደግ አይደለም።

"እቴ፣ መኪናው ከታች ቆሟል። እንሂድ፣ በኋላ ትጠመቃለች" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ደርቋል። "በኋላ ባይኖርስ?" አለችኝ።



"እሺ፣ ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? አጥምቋትና እንሂድ!" ብዬ ወደ ካህናቱ ዞርኩ። ያን ጊዜ ነው ጉዱን የሰማሁት።

ቄሰ ገበዙ መምሬ ፈንታ ሽማግሌ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በእሳቸው እጅ ነው። ለጥምቀቱ ውኃ ሊቀዱ ማልደው መጥተው በገመድ የታሰረውን ቅል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ጸበሉ ጉድጓድ ሲያወርዱ፣ የእጃቸው አንጓ ላይ ያንጠለጠሉት ቁልፍ ሾልኮ ገባ። ቅዱሱ ዘይት ሜሮኑም፣ መጽሐፉም፣ ልብሰ ተክህኖውም በሩ ተቆልፎበት ውስጥ ቀረ። ያለ ሜሮን ደግሞ ጥምቀቱ አይፈጸምም።

ጉድጓዱን አጎንብሼ አየሁት። ዓለት ውስጥ የተቦረቦረ ጠባብ ነገር ነው፤ የጎልማሳ ትከሻ አያስገባም፣ ጥልቀቱም ረጅም እንጨት አስገብተው ወለሉን አላገኙትም። በሩ እንዳይሰበር የጥንት ወይራ ነው፤ መጥረቢያ ቢያነሱበት እስከ ማታ አይበገርም፣ ደግሞስ ማን ደፍሮ ያነሳበታል? ሌላ ደብር ሄዶ ሜሮን የሚያመጣ ሰው ልከዋል፤ እሱ ግን በእግሩ ነው፣ ከቀትር በፊት አይመለስም።

መምሬ ፈንታ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክከው ሽቦ ያጠፉበት ገመድ ወደ ታች እየላኩ ያማስላሉ።  "እጄ ከዳኝ ልጄ። አርባ ዘመን የያዝኩትን ቁልፍ ዛሬ፣ በዚች ሕፃን ቀን!" አሉኝ። ጢማቸው በእንባ ርሷል። አንጀቴን በሉት።

"ቁልፉ ብቻውን ነው የገባው፣ አባ?" አልኳቸው።

"በጠፍር ነው የማንጠለጥለው፤ እንዲህ ቀለበት የሠራ የቆዳ ጠፍር።"

ቆዳ! ያን ቃል ስሰማ አእምሮዬ ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ቆዳ መንጠቆ ይይዘዋል።

"ደሳለ! ሩጥ! ከመቀመጫዬ ኋላ ያለውን ዘንግና ጣሳ አምጣልኝ!" ብዬ ጮህኩ። የመኪናውን ቁልፍ ወረወርኩለት። ደሳለ ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ እግሩ መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ወደ ገመዱ ዞርኩ። "አባ፣ በሞትዎ አያማስሉት! ውኃው ደፍርሷል፤ ካልጠራ ምንም አላይም።"

"እንዴት ዝም ብለን እንቀመጥ? ልጅቱ እየደከመች!" አለ አንዱ የእናቷ ዘመድ።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! እጃችሁን አንሱ ብያለሁ!" አልኩ። በሰው ደብር ውስጥ፣ በካህናት ፊት እንደዚያ መጮሄ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ግን አነሱ።

በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደ ጥበቃ አላውቅም። ተከዜ ዳር ለአንድ ዓሣ ግማሽ ቀን ቁጭ እላለሁ፣ ቅም አይለኝም። እዚያ ግን ጭቃው እስኪወርድ ስንጠብቅ ግቢው ውስጥ የሚሰማው የዚያች ሕፃን ትንፋሽ ብቻ ነው። ፈጠን፣ ፈጠን፣ ፈጠን ይላል። እናቷ አታለቅስም፤ የልጇን ጭንቅላት ብቻ ትደባብሳለች። ውስጤ "ጥራ፣ ጥራ እባክህ" እያለ ውኃውን ይለምናል።

ደሳለ ዕቃዬን ይዞ እያለከለከ ደረሰ። ጣሳዬን ከፈትኩ። የደረቀ ትል ሽታ ቡን ብሎ ወጣ፤ እሑድ ያጠመድኩበት ነበር። ያን ጊዜ እጄ ቆመ።

እኔም ክርስቲያን ነኝ። የያዝኩት መንጠቆ ትል የተሰካበት፣ የዓሣ ደም የነካው ነው። የምከተው ደግሞ ሕዝብ የሚፈወስበት ጸበል ውስጥ ነው። ዝም ብዬ ልክተት? ሰይጣንም ማን ያውቅብሃል አለኝ። ግን አልሆነልኝም።

"አባ፣ ይህ መንጠቆ ትልና ዓሣ የነካ ነው። ያልተነካ አዲስ የለኝም" አልኳቸው።

 ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ "በእሳት ቢለበለብስ?" አለ፤ ሌላው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ በእሳት የተለበለበ መንጠቆ ጥንካሬው እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ቁልፍ አይሸከምም። መምሬ ፈንታ አንገታቸውን ደፍተው ቀሩ።

ያን ጊዜ ትርንጎ ተናገረች። ድምጿ ከፍ አላለም።

"ጸበሉ ያነጻል ብላችሁኝ አይደል ልጄን ያመጣኋት? በአንድ መንጠቆ የሚረክስ ከሆነ እኔስ ምን ልሠራ መጣሁ?"

 መምሬ ፈንታ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ጣሳዬን ባረኩት። ትሉንም ጭምር ማለት ነው። "እናት ፈርዳለች። ሐዋርያቱም ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ክተተው ልጄ" አሉኝ።

ውኃው ጠርቶ ነበር፤ ግን ወለሉ ጨለማ ነው። መስታወት ያለው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ክርስትና እናት ልትሆን የመጣችው የትርንጎ እህት ከጉያዋ ትንሽ መስታወት አወጣች። ፀሐይዋን በመስታወቱ ተቀብላ ወደ ጉድጓዱ እንድትመልስልኝ አስተካከልኳት። ብርሃኑ ወርዶ ወለሉን ሲነካ ቁልፉ ታየኝ። ትልቅ የብረት ቁልፍ፣ ግማሹ ጭቃ ውስጥ ነው። ጠፍሩ ግን ከላይ ቀና ብሎ ቀስ እያለ ይወዛወዛል። ደስታዬ አይነገርም።

ስህተት የሠራሁት ያን ጊዜ ነው። ቁልፉ ከባድ ነው ብዬ ትልቁን የአምባዛ መንጠቆ በወፍራሙ ክር ላክሁ። መንጠቆው ጠፍሩን ነካው፣ ገፋው፣ አንሸራተተው። ደግሜ ሞከርኩ፤ ጠፍሩን ጭራሽ ወደ ጭቃው አስጠጋብኝ። ጫፉ ደነዝ ነው፤ ለአምባዛ አፍ እንጂ ለረጠበ ቆዳ አይሆንም። ኤጭ! ለሰው ሁሉ ሳስተምር የኖርኩትን እኔው ረሳሁት! አንድ ጊዜ ደግሜ ብገፋው ጠፍሩ ቁልፉ ሥር ገብቶ ይቀር ነበር።

አወጣሁትና የነጭ ዓሣዋን ትንሽ መንጠቆ አነሳሁ። ካሉኝ ሁሉ የምሳሳላት እሷን ነበር። ጫፏ ገና ስትነካው ጣት ትወጋለች፣ ከጫፏ ወደ ኋላ የተመለሰች ትንሽ ጥርስ አላት፤ አንዴ ከገባች አትወጣም። ችግሩ ቀዳዳዋ ጠባብ ነው፣ ወፍራም ክር አይገባባትም። በቀጭኑ ክር አሰርኳት። ቀጭኑ ክር ቁልፉን ውኃ ውስጥ ይሸከመዋል፤ የጉድጓዱ የድንጋይ ጠርዝ ግን ከተሻሸበት እንደ ምላጭ ይበጥሰዋል።

"ጠርዙ ላይ የሚነጠፍ ለስላሳ ነገር ስጡኝ" አልኩ። ትርንጎ ተነስታ ልጇን ለእህቷ ባል አቀበለችና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ራሷ ድንጋዩ ላይ አነጠፈችው። ከዚያ ልጇን ተቀብላ አጠገቤ ቆመች። የልጅቷ ትንፋሽ ጆሮዬ ሥር ሆነ።

ዘንጉን ትቼ ክሩን በእጄ ያዝኩ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከዘንግ ጣት ይሻላል። እርሳሷን ከመንጠቆዋ ከፍ አድርጌ አስሬ ቀስ አድርጌ አወረድኳት። ጠፍሩን አለፈች። ትንሽ ሳብ አደረግኋት። ነካች። ያዘች? እጄ ላይ ክብደት መጣ።

አጠገቤ የቆሙት ሁሉ "ሳበው! ሳበው!" ብለው ጮሁ። "ዝም በሉ!" አልኳቸው።

አልሳብኩም። ጭቃው እስኪለቀው ክሩን ወጥሬ ብቻ ያዝኩት። ከዚያ ቁልፉ ንቅል አለ። ሲወዛወዝ ለቀቅ፣ ሲረጋ ሳብ። መሃል ላይ ከግድግዳው የወጣ ዓለት አገኘውና ቀጥ አለ። እልህ ያዘኝ፤ መንጨቅ አማረኝ። ግን ጆሮዬ ሥር ያ ትንፋሽ አለ። መልሼ አወረድኩት፣ ወደ ጎን አዞርኩት፣ እንደገና አመጣሁት። አለፈ። ክሩ ነጠላው ላይ እየተንሸራተተ ወጣ፣ ጠፍሩ ብቅ አለ፣ መምሬ ፈንታ በዚያ በከዳቸው እጅ ለቀም አደረጉት።

እልልታው ዓለቱን ሰነጠቀው ብል ይቀለኛል። እኔ ግን ክሩን ቆረጥኩላቸውና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

መምሬ ፈንታ ቁልፉን አልሳሙትም፣ አላመሰገኑኝም፤ ቀጥ ብለው ወደ በሩ ሮጡ። እኚያ ሽማግሌ እንደዚያ መሮጣቸውን ያላየ አያምንም። ለልጅቷ እንዳይበርዳት ቀደም ብሎ የተቀዳውን ውኃ እሳት ዳር አስቀምጠው ለብ አድርገውት ነበር፤ በመዳፋቸው ቀስ እያሉ አጠመቋት። ሜሮኑን ቀቧት። ስሟን ወለተ ማርያም አሏት። ዓለማዊ ስሟ ማስተዋል ነው።

ትርንጎ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረችና "በል እንሂድ!" አለችኝ፤ ዘግይቼ ያስጠበቅኳት እኔ ይመስል።

ላሊበላ ድረስ እንዴት እንደነዳሁ እኔና አምላክ እናውቃለን። ጉድጓድ ሲመጣ እንደ እንቁላል ጫኝ፣ ሜዳ ሲሆን እንደ አምቡላንስ። ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ የሳንባ ምች ነው አለች፣ ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላት። "እስከ ማታ ብትቆዩ ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። እኔም ጨርሺው አላልኳትም። ልጅቷ እስኪሻላት ድረስ ከላሊበላ ባለፍኩ ቁጥር ገባ እያልኩ አያት ነበር። ዳነች።

መንጠቆዬ አልተመለሰችልኝም። ጥርሷ ጠፍሩ ውስጥ ስለገባ ካልተቆረጠ አይወጣም፤ መምሬ ፈንታ ደግሞ ጠፍሩ አይቆረጥም አሉ። እጃቸውን እንዳትወጋ በሌላ ቀን ተመልሼ ጫፏን በፒንሳ አጥፌላቸው ሄድኩ። መምሬ ዛሬ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ቁልፉን የተረከቡትን ቄስ ባለፈው ዓመት ሳያቸው መንጠቆዋ አሁንም እዚያው ጠፍሩ ላይ አለች።

ጋሸና ያሉት ሾፌሮች ዛሬም "ዓሣው!" ይሉኛል። ታሪኩን ነግሬያቸው ነበር፤ "ታዲያ ቁልፉን ጠበስከው?" አሉኝ። ይበሉ፤ እንደ ድሮው አልቆጣም።

ብልባላ ገበያ ስሄድ መኪናዬን የት እንደማቆም ትርንጎ ታውቃለች። ከጓሮዋ የመሬት ትል ቆፍራ፣ ከእርጥብ አፈር ጋር ጣሳ ውስጥ አድርጋ ትልክልኛለች። ይዛ የምትመጣው ማስተዋል ናት። ከሩቅ መኪናዬን ስታይ ትሮጣለች፤ ቀስ በይ ቢሏት አትሰማም፣ እንደ እናቷ ግትር ናት። ስትደርስ ጣሳውን በሁለት እጇ ወደ እኔ ትዘረጋና መናገር ያቅታታል። ቁና ቁና ትተነፍሳለች።

ጣሳውን ቶሎ አልቀበላትም። ትንሽ ቆሜ አዳምጣታለሁ።